አምስተኛው ደቂቃ ሳይሞላ

ወጣት ጋዜጠኞች ሲያገኙኝ «በሥራ ዘመንዎ እጅዎ የተንቀጠቀጠው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። የሚጠብቁት የጎርፍ ወይም የእሳት ታሪክ ነው። ሁለቱንም ዘግቤአለሁ፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም። የተንቀጠቀጠው ላፍቶ ውስጥ፣ በአንድ የስድስተኛ ክፍል መማሪያ ክፍል፣ አንዲት የኪቦርድ ቁልፍ ስጫን ነው። ነገሩ ከሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ሰኞ ጠዋት ቆየ። ያን ጊዜ የያዝኩት ደብተር አሁንም እጄ ላይ ስላለ፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን ከሱ እያመሳከርኩ ነው።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአንድ ጋዜጣ የትምህርት ገጽ ላይ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የደብተሬን ገጽ ሁሉ በማስመሪያ ሦስት ቦታ እከፍለው ነበር። የመጀመሪያው ዓምድ ያየሁት፣ ሁለተኛው የተነገረኝ፣ ሦስተኛው ያረጋገጥኩት ነው። አለቃዬ አቶ ታረቀ ሥራ በጀመርኩ ዕለት አንድ ደንብ ሰጥተውኝ ነበር። «ጋዜጠኛ በሄደበት ቤት ወንበር አያንቀሳቅስም። ወንበሩ የት እንደነበር ይጽፋል።» ይህን ደንብ ቃል በቃል ነበር የያዝኩት። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ነፋስ በሩን እያንገጫገጨ ተናጋሪውን ሲረብሽ፣ በሩ ሥር የተቀመጥኩት እኔ ሆኜ ሳለ አልዘጋሁትም። ሰው ሁሉ ሲገላምጠኝ የሆነውን እየጻፍኩ ነበር።

ወደ ላፍቶ የወሰደኝ ጉዳይ እንዲህ ነው። የትምህርት መሣሪያ የሚያውስ አንድ መሥሪያ ቤት ከራሱ ቢሮ ያገለገለ ኮምፒውተርና አንድ ፕሮጀክተር አውጥቶ ለሦስት ትምህርት ቤቶች በየተራ ለአንድ አንድ ወር ሰጠ። በየወሩ መጨረሻ ገምጋሚዎች መጥተው አንድ ክፍለ ጊዜ ይከታተላሉ። ከሦስቱ በተሻለ የተጠቀመበት ትምህርት ቤት እቃውን ለዘለቄታው ይወስዳል። ሁለቱ ታይተዋል፤ የቀረው የላፍቶው ነው፤ ቀኑም ዓርብ ጠዋት።

እኔ ሐሙስ ሄድኩ። ከጎፋ በታክሲ ከወረድኩ በኋላ ቀሪውን በእግሬ ነበር። በአንድ በኩል ጤፍ ተዘርቷል፣ በሌላው በኩል ሰዎች ብሎኬት ይደረድራሉ። ትምህርት ቤቱ በሁለቱ መካከል ነው።

መምህርት ጥሩወርቅን ያገኘኋቸው ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው ኮምፒውተር ፊት ለፊት ቆመው ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ጠመኔ ያልለቀቀው ሰማያዊ ጋዎን የለበሱ የኅብረተሰብ ሳይንስ አስተማሪ ናቸው። ኮምፒውተሩ ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ ፕሮጀክተሩም ትንሽ ዳንቴል አለው።

«ጋዜጠኛው አንተ ነህ? ና፣ ኋላ ወንበር ተቀመጥ» አሉኝ።

«ከፊት ይሻለኛል፣ እትዬ።»

«ኋላ ሂድ አልኩህ! መጀመሪያ ካርታውን ከዚያ ሆነህ እይ።»

ሄጄ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጥኩ። ከጥቁር ሰሌዳው ጎን አንድ የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቅሏል፤ መሐሉ በፕላስተር ተጣብቋል። ከነበርኩበት የሚታየኝ ፕላስተሩ ብቻ ነው።

«ስልሳ ስምንት ተማሪ አለኝ። ረጃጅሞቹን ኋላ አስቀምጣለሁ፤ ፊት ባስቀምጣቸው የሌላውን ይጋርዳሉ። ከነሱ አንዷ መሪማ ትባላለች። ከለቡ በእግሯ ነው የምትመጣው። ረጅም ናት፣ ዓይኗ ደግሞ ሩቅ አያይም። ስድስት ዓመት ሙሉ ካርታ የምትገለብጠው ከጎረቤቷ ደብተር ነው። ጎረቤቷ ከተሳሳተች እሷም ትሳሳታለች። አሁን ይህን እይ።»

መብራት አጥፍተው አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ወንዝ ግድግዳው ላይ ወጣ። በእጃቸው የሳሉት፣ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባላቸው የሰፈሩ ካርታ ነው። ጎፋ፣ ላፍቶ፣ ለቡ፣ በመካከላቸው የሚወርደው ውሃ፣ ድልድዩ ሳይቀር አለ። የስሞቹን ፊደላት ካለሁበት ሆኜ አነበብኳቸው።

«ስንት ስላይድ አዘጋጁ?»

«ሃያ ሁለት። ወሩን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነኝ። ባለቤቴ ‹ሌላ ሰው አግብተሻል ወይ?› ይለኛል። ስለዚህ ይህ ነገር ከዚህ እንዲሄድብኝ አልፈልግም። ገባህ?»

ገባኝ። በሁለተኛው ዓምድ ጻፍኩት።

ከዚያ ስለ ወንዙ ያስረዱኝ ጀመር። ውሃው ከየት እንደሚነሳ፣ ለቡ ሲደርስ ለምን ቀለሙ እንደሚለወጥ እየነገሩኝ ሳለ ግድግዳው ጨለመ። ወዲያው አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ ፓስወርድ ጠየቀች።

«ይኸው! አኮረፈ» አሉ።

የኮምፒውተሩ ነገር ይህ ነበር። አምስት ደቂቃ ካልነኩት ራሱን ይቆልፋል። ፓስወርዱን የሚያውቀው ቀድሞ ሲሠራበት የነበረው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል። ያለው መፍትሔ አጥፍቶ እንደገና መክፈት ነው፤ ሲነሳ ፓስወርድ አይጠይቅም። ጠብቄ ለካሁት፤ እስኪነሳና ስላይዱ ወደነበረበት እስኪመለስ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው።

በዚህ መካከል ርዕሰ መምህሩ አቶ ከድር ገቡ። የኮምፒውተር አጭር ኮርስ ወስደዋል። «እኔ እኮ ነግሬአቸዋለሁ። መቆለፉን ማጥፋት ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ማውዙን ብቻ ይስጡን» አሉ።

«ማውዙ የት ነው?» ስል ጠየቅሁ።

«እኔ ዘንድ ነው» አለ ከበሩ የመጣ ድምፅ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሽፈራው ነበሩ። አጭር፣ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው። ማውዝ ኪስ ውስጥ የሚገባ እቃ ስለሆነ ነቅለው ካዝና አስገብተውታል። ዳንቴሎቹም የሳቸው ናቸው፤ ከቤታቸው ያመጧቸው።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ለሁለት ደቂቃ ብቻ» አሉ አቶ ከድር።

«የተረከብኩ ዕለት ይቆለፍ ነበር?»

«ይቆለፍ ነበር።»

«እንዳለ ተረክቤአለሁ ብዬ ፈርሜአለሁ?»

«ፈርመዋል።»

«እንግዲያው ስመልስም መቆለፍ አለበት። መጫን ትችላላችሁ፤ መጫን መጠቀም ነው። መቀየር ግን አትችሉም።»

ጥሩወርቅ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «እሺ፣ መጫን ይቻላል ካሉ እርስዎ ራስዎ አጠገቡ ተቀምጠው በየአራት ደቂቃው ይጫኑልን። እኔ ስላይድ በቀየርኩ ቁጥር እነካዋለሁ፤ ችግሩ ስርቅ ነው። ነገ ንግግር ይኖራል። እንግዳ ሲናገር በፊቱ ማለፍ ነውር ነው፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ኋላ ነው የምቆመው። ልጅ እንዳላስቀምጥ የልጅ እጅ አይንካው ብለዋል። አቶ ከድር ከእንግዶቹ ጋር ነው የሚቀመጡት።»

«እኔማ አልችልም። ጠባቂ ተጠቃሚ አይሆንም። እንደዚያ ከሆነ ጠባቂውን ማን ይጠብቃል?»

«ንግግሩ እስኪያልቅ ለምን ዘግተነው አንቆይም?» አሉ ጥሩወርቅ ወደ አቶ ከድር ዞረው።

አቶ ከድር ተቅለሰለሱ። «እንግዶቹ ሲገቡ ግድግዳው ላይ ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› የሚል ቢያዩ ጥሩ ነው ብዬ… አበባም አድርጌበታለሁ። ለሁለት ቀን ነው የሠራሁት።»

ይህን ሲሰሙ ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሰዓት አስረሃል። ሺፍት የምትባለዋን ቁልፍ ተጫን፤ ምንም አትቀይርም፣ እንዳይተኛ ብቻ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ መዘገብ ነው እንጂ መግባት አልችልም። ደንባችን ነው። ከነካሁት የሆነውን ሳይሆን ያደረግሁትን ነው የምጽፈው።»

ጋሽ ሽፈራው ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አዩኝ። ጥሩወርቅ ሁለታችንን በየተራ ተመለከቱ።

«አንድ ቤት ነው እንዴ ያደጋችሁት?» አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። አቶ ከድርም ሳቁ። ጋሽ ሽፈራውና እኔ አልሳቅንም።

ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። የገባሁት ላለመንካት ወስኜ ነው። ክፍሉ ግን ጢም ብሏል። ከኋላ ስልሳ ስምንት ልጆች፣ ከፊት ለእንግዶቹና ለአቶ ከድር በክብር የተደረደሩ አራት ወንበሮች። ለእኔ የቀረች አንዲት ወንበር ናት፤ እሷም ከመምህሯ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ኪቦርዱ ክንዴ ሥር በሚሆንበት ቦታ። ጥሩወርቅን አየኋቸው፤ እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ። ጋሽ ሽፈራው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ ከሶኬቱ ሥር እንደ ዘብ ቆመዋል። ዳንቴሎቹን አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘዋል።

ሦስቱ ገምጋሚዎች ሲገቡ ልጆቹ ግር ብለው ተነሱ። ግድግዳው ላይ የአቶ ከድር አበባ ደምቋል። አቶ ከድር ተናገሩ፤ አመሰግናለሁ ብለው ሲቀመጡ ኪቦርዱ ከተነካ ሦስት ደቂቃ ሆኗል። ከዚያ የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ፣ መነጽር ያደረጉ ወይዘሮ፣ ተነሡ።

«ብዙ አልናገርም» አሉ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ሲያሳጥር አይቼ አላውቅም።

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ደቂቃ ከሃያ። ስለ ትምህርት ጥራት ገቡ። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ። ጥሩወርቅ ከክፍሉ ኋላ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ በእኔና በሳቸው መካከል ስልሳ ስምንት ልጅና አንዲት የምትናገር እንግዳ አለች። አራት ደቂቃ። ጋሽ ሽፈራውን አየሁ። እሳቸውም ሰዓታቸውን እያዩ ነው። አራት ከሃያ። እዚህ ቁጭ ብዬ ‹ክፍሉ ሲጨልም አየሁ› ብዬ ልጽፍ ነው? ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ረጅም ልጅ ዓይኗን አጥብባ አበባውን ታያለች። እሷ መሪማ መሆን አለባት አልኩ በልቤ። አራት ከአርባ።

እጄ ሄደች። በዚያ ቅጽበት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት የለም፤ ብዕሬን ይዤው ነበር፣ በእሱው ጫፍ ሺፍትን ነካሁ። ግድግዳው እንዳለ ቆየ። የጣቶቼን መንቀጥቀጥ ለማስቆም ጠረጴዛውን ያዝኩ። ጋሽ ሽፈራው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ብዙ አልናገርም» ያሉት ወይዘሮ ሁለተኛ ጊዜ እንድጫን አደረጉኝ።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ፤ እኔም እንደገና ጋዜጠኛ ሆንኩ። ጥሩወርቅ በዱላቸው ወንዙን ተከትለው ሲወርዱ ልጆቹ አብረዋቸው ወረዱ። «ይኼ የእኛ ድልድይ ነው!» የሚል፣ «ቤታችን የት ነው፣ ቲቸር?» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይነሳል። አንድ ጊዜ መስኮት ሊከፍቱ ሄደው ከልጆች ጋር ሲነጋገሩ ረዘም አሉ፤ ሦስተኛ ጊዜ ተጫንኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ። የለቡ ስላይድ ግድግዳው ላይ ሳለ ከመጨረሻው ረድፍ እጅ ወጣ።

«እህ፣ መሪማ» አሉ ጥሩወርቅ።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል።»

አቶ ከድር ወንበራቸው ላይ ተንቀሳቀሱ።

«የቱ ጋ?»

«ለቡ የሚለው ጽሑፍ ከወንዙ በዚህ በኩል ነው ያለው። ቤታችን ግን ከወዲያ ነው። በየቀኑ ተሻግሬ ነው የምመጣው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ሲሞላ እቀራለሁ፤ እርስዎ ‹ሰነፍ› ብለው ገርፈውኛል።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ጥሩወርቅ ግን ወደ ኋላ ሄደው ከመሪማ አጠገብ ቆሙና እንደሷ ዓይናቸውን አጥብበው ግድግዳውን አዩ። «ከዚህ ይታይሻል እንዴ?»

«ይታየኛል።»

«ሁሉም?»

«‹ድልድይ› የሚለውም። የለቡ ‹ለ› ላይ ደግሞ ትርፍ ነጥብ አድርገውበታል።»

ጥሩወርቅ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። ከዚያ «ስለገረፍኩሽ ይቅርታ፣ የኔ ልጅ። ነይ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚሞላ ለሁላችንም ንገሪን» አሉ። መሪማ ተነሥታ ከቦታዋ መናገር ጀመረች። የት እንደሚጠልቅ፣ በየትኛው ድንጋይ እንደሚሻገሩ፣ ማን እንደተወሰደ። ሰብሳቢዋ ሳይቀሩ ወደ ኋላ ዞረው ጥያቄ ጠየቋት። እኔ በሁለተኛው ዓምድ እየጻፍኩ ነው። አንድ ቃሏ እንዳያመልጠኝ፣ ሦስት ገጽ በተርታ። ሰዓቴን ረሳሁት።

ሳስታውሰው እጅጌዬን ገለጥኩ። አራት ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት።

ወደ ኪቦርዱ ስዞር አንድ ጣት ቀድሞኝ ደርሷል። ጥፍሩ በጥንቃቄ የተቆረጠ፣ የቆዳው ሽብሽብ የሚታይ ጣት ነው። ሺፍትን ተጭኖ ተመለሰ። ጋሽ ሽፈራው ወደ ቦታቸው ተመልሰው ዳንቴሎቹን አስተካከሉና ቀጥ ብለው ቆሙ። ዓይናችን ተገናኘ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሰብሳቢዋ አጨበጨቡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው የፈራነውን ጠየቁ።

«በሁለቱም ትምህርት ቤቶች ይህ ኮምፒውተር መሐል ላይ ተቆልፎባቸው ነበር። እዚህ አልተቆለፈም። ምን አደረጋችሁት?»

አቶ ከድር ወደ ጥሩወርቅ ዞሩ። ጥሩወርቅ «ጋሽ ሽፈራው ይመልሱ» አሉ።

ጋሽ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምንም አላደረግነውም። እንደተረከብነው ነው። አምስተኛው ደቂቃ ሳይሞላ እየቀሰቀስነው ነው። ጋዜጠኛው ሦስት ጊዜ ተጭኗል። እኔ ራሴ፣ ጠባቂው፣ አንድ ጊዜ ተጭኛለሁ። መመዝገብ ካለበት ይመዝገብ።»

ክፍሉ በሙሉ እኔን ያየኛል። በስማቸው እየጠራሁ የጻፍኳቸው ሰዎች ምን ይሰማቸው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ግን እኮ» አሉ ሰብሳቢዋ ግራ ገብቷቸው፣ «ማጥፋት ትችሉ ነበር! ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።»

«‹እንዳለ ይመለሳል› በሚል ፈርሜአለሁ።»

«እኔ ፈቅጃለሁ። አጥፉት!»

«በጽሑፍ ይሰጠኝ።»

ሰብሳቢዋ ወረቀት አውጥተው እዚያው ቆመው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ሰጧቸው። ጋሽ ሽፈራው አነበቡ፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ማህተም የለውም።»

«ማህተሙ ቢሮ ነው ያለው! ሰኞ ይመጣልዎታል።»

«እንግዲያው እስከ ሰኞ ይቆለፋል» አሉና ኮምፒውተሩን በዳንቴሉ አለበሱት። ሰብሳቢዋ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ልጆቹ ነገሩ ባይገባቸውም አብረው ሳቁ፤ ከኋላ አንዱ ያፏጭ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ ዜናውን ጻፍኩ። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ በመጨረሻ እንዲህ አልኩ። «የዚህ ዘገባ ጸሐፊ ኮምፒውተሩ እንዳይቆለፍ ሦስት ጊዜ ቁልፍ ተጭኗል።» ሥራዬን እንደማጣ እርግጠኛ ሆኜ ለአቶ ታረቀ ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ወንበር አንቀሳቅሰሃል።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የት እንደነበር ጽፈሃል?»

«ጽፌአለሁ።»

«ወዴት እንዳንቀሳቀስከውስ?»

«እሱንም።»

«ይውጣ» አሉና ወደ ሌላው ወረቀት ዞሩ።

ሰኞ ለማረጋገጥ ተመልሼ ላፍቶ ሄድኩ። ደብዳቤው ቀድሞኝ ደርሷል። ሁለት ነገር ይላል፦ መቆለፉ እንዲጠፋ ተፈቅዷል፤ እቃው ደግሞ እዚያው እንዲቀር ተወስኗል። ጋሽ ሽፈራው ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ማህተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው መረመሩ፣ ካዝናውን ከፍተው ማውዙን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አወጡ። «አሁን አጥፉት» አሉ። አቶ ከድር አጠፉት፤ ሰዓቴን ይዤ ነበር፣ አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ፈጀ። ጥሩወርቅ የለቡን ስም ከወንዙ ወዲያ ወስደው፣ «ለ» ላይ የነበረውን ነጥብ አጥፍተው ጨርሰዋል።

አንባቢዬ፣ ጋሽ ሽፈራውን ግትር ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፤ እኔም ስቄአለሁ። ግን ያን ቀን እኔን ያዳነኝ ደንብ የማይጥሰው ሰው ነው። ደንቡን የተላለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተላለፈውም ለአንዲት ልጅ ንግግር ነው፤ ሲጠየቅም ሳይደብቅ ተናገረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ንጽሕና ማለት እጅን ማራቅ ይመስለኝ ነበር። እጄን ያራቅሁባቸውን በሮች፣ ዝም ብዬ ያየኋቸውን ጨለማዎች እያሰብኩ ብዙ ቀን ቆዘምኩ። አሁንም በየአጋጣሚው እጄን አላስገባም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩን አልነካም። የነካሁ ዕለት ግን እጽፈዋለሁ።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ደብተሬ አራት ዓምድ አለው። አራተኛው «ያደረግሁት» ይላል። በአብዛኛው ገጽ ባዶ ነው፤ መስመሩን ግን በየገጹ አሰምራለሁ። በዚያች ዓርብ ገጽ ላይ፣ ከመሪማ ቃል ጎን፣ ሰኞ በጨመርኳት ጠባብ ዓምድ ውስጥ እንዲህ የሚል አለ፦

«ሦስት ጊዜ ተጫንኩ። አራተኛው የጋሽ ሽፈራው ነው።»